ክሪክ፤ አመራረጡና አያያዙ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና 130 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱን ውርጭ ይወርድባታል። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው መንገድ ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተበስቶ በተሠራው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር ይገባል። በዚህ አገር ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ጠጠሩና ጭጋጉ መኪናን ያደክማሉ። ስለዚህ በአካባቢው መኪና ያለው ሰው፣ ወይም የመኪና ረዳት ሆኖ የሚሠራ ወጣት፣ ጎማ መፍታትና መግጠም ሳይማር አይኖርም። ጎማ ለመፍታት ደግሞ መኪናውን ከመሬት ማላቀቅ ግድ ነው። ይህን የሚሠራው መሣሪያ ክሪክ ይባላል።

ክሪክ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የሚሉት ቃላትም እንዲሁ ከዚያው ቋንቋ ወደ ጋራዣችን ገብተው የቀሩ ናቸው። የመሣሪያው ስም የውጭ ይሁን እንጂ፣ ሥራውን ለይተን የምናውቅባቸው ሁለቱ ግሦች የራሳችን ናቸው፤ እነርሱም «አነሣ» እና «ተሸከመ» ናቸው። እነዚህ ግሦች ተቀራራቢ ቢመስሉም አንድ አይደሉም። ሕፃንን ከመሬት ብድግ ማድረግና ያንኑ ሕፃን አዝሎ አንኮበር ድረስ መሄድ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው አፍታ ጉልበት ይበቃዋል፤ ሁለተኛው ግን ጽናት ይጠይቃል። ክሪክ የተሠራው ለመጀመሪያው ሥራ ነው። ክሪክ ያነሣል፤ አይሸከምም። ከዚህ በታች ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ የሚነገረው ሁሉ በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ላይ የቆመ ነው።

ክሪክ ልዩ ልዩ ዐይነት አለው። ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በብሎን ጥርስ እየተሽከረከረ የሚሠራ ነው። ቀላል ነው፤ ዘይት አይፈልግም፤ መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ይበቃል፤ ከዚያ አልፎ ለጥገና ሥራ የሚመች አይደለም። ሁለተኛው ጠርሙስ የሚመስለው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚገፋው የዘይት ክሪክ ነው። የጭነት መኪና ነጂዎች ከመቀመጫቸው ሥር የማያጡት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ረጅም እጀታና የብረት ክንድ ያለው፣ በአራት ትናንሽ የብረት ጎማዎች እየተንከባለለ ከመኪናው ሥር የሚገባው ነው። በዚህ ምንባብ ተንከባላይ ክሪክ እያልን እንጠራዋለን። በጋራዥ ውስጥ የሚሠራበት ይህ ነው፤ በየቤቱም መኪናውን ራሱ መጠገን የሚወድ ሰው የሚመኘው ይህንኑ ነው።

የዘይት ክሪክ የሚሠራው እንዴት ነው? ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል (እ.ኤ.አ. 1623–1662) በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫኑት ግፊቱ ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚደርስ አስረዳ። በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መጭመቂያ ፈጠረ። ሪቻርድ ዳጀን የተባለ የኒው ዮርክ ሠራተኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 ከቦታ ቦታ ሊወሰድ የሚችል የፈሳሽ ክሪክ አውጥቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ በደብረ ብርሃን ጋራዦች የምናየው የዚያ ክሪክ ዘር ነው።

በክሪኩ ሆድ ውስጥ አንድ ትንሽ ፒስተንና አንድ ትልቅ ፒስተን አሉ። ለምሳሌ ያህል የትንሹ ፒስተን ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የትልቁ 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። አንድ ሰው እጀታውን 15 ኪሎ ግራም በሚያህል ጉልበት ቢጫን፣ እጀታው ረጅም በመሆኑ ጉልበቱ ዐሥር እጥፍ ሆኖ በትንሹ ፒስተን ላይ 150 ኪሎ ግራም ያርፋል። ትልቁ ፒስተን ከትንሹ 12 ጊዜ የሚሰፋ ስለ ሆነ 1,800 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ይገፋል። ነገር ግን ተፈጥሮ በነፃ የምትሰጠው ነገር የለም። እጁ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ትንሹ ፒስተን የሚሄደው 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትልቁ ፒስተን ደግሞ የሩብ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል። እጀታውን ደጋግሞ መጫን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። የወጣው ዘይት ወደ ኋላ እንዳይመለስ በመካከል አንዳንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች ይዘጋሉ፤ መኪናውን ማውረድ ሲፈለግ መልቀቂያው ይላላና ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 150 ኪሎ ግራም ነው። በአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ የክሪኩ ዘይት ግፊት ከ70 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ይህን ሁሉ ግፊት ይዞ የሚያቆመው ምንድን ነው? በፒስተኑ ዙሪያ የተጠመጠመች፣ ውፍረቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ የጎማ ቀለበት ናት። ቀለበቲቱ በአሸዋ ቅንጣት ብትጫር፣ በእርጅና ብትደርቅ ወይም መልቀቂያው ጥቂት ላልቶ ቢቀር ዘይቱ መንገድ ያገኛል። የመኪናው ክብደት ሁሉ በዚህች ቀለበት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሰው ከሥሩ የሚተኛ ከሆነ፣ ሕይወቱን ለማን እንዳስረከበ ሊያውቅ ይገባዋል።

የዚህ ምንባብ አዘጋጅ በመምህርነት ሲያገለግል፣ አንድ የሥራ ባልደረባው አሮጌ ቮልስዋገን ነበረችው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባልደረባው የፍሬን ሸራ ለማየት መኪናዪቱን በክሪክ አንሥቶ የኋላ ጎማዋን ፈታ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሠራ መኪናዪቱ የአንድ ጣት ያህል ዝቅ ብላ ታየችው። ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥር እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ዘይቱ ከክሪኩ ሥር ፈሰሰ፤ መኪናዪቱም ባንድ ጊዜ ወረደች። የፈታውን ጎማ መላወሻ አሳጣኝ ብሎ ወደ መኪናዪቱ ሆድ ሥር ገፋ አድርጎት ስለ ነበር፣ መኪናዪቱ ያረፈችው በጎማው ላይ ሆነ። ቸርኬው ጎበጠ፤ የሰውየው ክንድ ግን ተረፈ። ጎማውን እዚያ ያስቀመጠው በጥንቃቄ ሳይሆን በአጋጣሚ ነበረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሆን ብሎ ያስቀምጠው ጀመር።

እንግዲህ ክሪክ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚመለከተው በላዩ የተጻፈውን የማንሻ አቅም ነው። ለቤት መኪና የሚሸጡት ተንከባላይ ክሪኮች በአብዛኛው ባለ 2 ቶንና ባለ 3 ቶን ናቸው። አሮጌዪቱ ቶዮታ ኮሮላ 1 ቶን ያህል ትመዝናለች፤ ላንድክሩዘር ግን ባዶውን ብዙውን ጊዜ 2 ቶን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ክሪክ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው የመኪናውን አንድ ወገን ብቻ ስለ ሆነ፣ ግማሹን ክብደት የሚችል ይበቃል የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር የሻጭ እንጂ የሠሪ አይደለም። ሞተሩ ያለበት ወገን ከሌላው ይከብዳል፤ ሰው ጤፉንና በርበሬውን ከኋላ እንደ ጫነም መኪናውን የሚያነሣበት ጊዜ አለ። የመኪናውን ሙሉ ክብደት ሊያነሣ የሚችል ክሪክ መግዛት ይሻላል። አቅሙ ከተጻፈው በላይ እንዳይጫን የሚቆጣጠር ቫልቭ ያላቸው ክሪኮች አሉ፤ ያን ቫልቭ አጥብቆ አቅሙን «ለመጨመር» የሚሞክር ሰው መሣሪያውን ያበላሻል፤ ራሱንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ከፍታው ነው። ክንዱ ወርዶ ሳለ የክሪኩ ራስ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል? ክንዱ ጨርሶ ሲነሣስ? ለዝቅተኛ መኪና የሚያሰጋው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ለላንድክሩዘርና ለመሰሎቹ የሚያሰጋው ሁለተኛው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መኪናውን በቤቱ አቁሞ ከሥሩ ያለውን ክፍተት የሚለካው አራቱም ጎማዎች ተነፍተው ሳሉ ነው። ክሪክ የሚያስፈልገው ግን ብዙውን ጊዜ አንዱ ጎማ ተንፍሶ መኪናው በዚያ ወገን ዝቅ ሲል ነው። የተነፋ ጎማ ከተለካው የተነፈሰውን አስቦ ብዙ ሴንቲ ሜትር መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አዲሱ ክሪክ በተፈለገበት ቀን ከመኪናው ሥር አልገባም ይላል።

ገዢው ሱቅ ውስጥ ሳለ ክሪኩን ያስነሣው፤ ያውርደውም። ክንዱ ሳይንቀጠቀጥ ሊወጣ ይገባል። መልቀቂያው በጥቂት በጥቂቱ ሲላላ ክንዱ ቀስ ብሎ ይውረድ እንጂ ባንድ ጊዜ ዝርግፍ ማለት የለበትም። የብየዳው መጋጠሚያ ሁሉ ይታይ፤ ከፒስተኑ ሥርና ከመልቀቂያው ዙሪያ የዘይት ርጥበት ካለ አዲስ ነው ተብሎ አይታለፍ። አሮጌ ክሪክ መግዛት ነውር የለበትም፤ ቀለም የተቀባ አሮጌ ክሪክ ግን ያጠራጥራል፤ ቀለሙ ምን እንደሚሸፍን አይታወቅምና።

ሦስተኛውና በሰሜን ሸዋ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የመሬቱ ጉዳይ ነው። የተንከባላይ ክሪክ ክንድ ሲነሣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ቅስት እየሠራ ነው። ስለዚህ መኪናው ከፍ እያለ ሲሄድ ክሪኩ በጎማዎቹ ጥቂት ወደ መኪናው ሥር መንከባለል አለበት። በሲሚንቶ ወለል ላይ ይህ ሳይታወቅ ይፈጸማል። በጠጠር ወይም በአፈር ላይ ግን የብረት ጎማዎቹ ይቀበራሉ፤ ክሪኩ አልንቀሳቀስ ሲል የክሪኩ ራስ ከመኪናው አካል ላይ ይንሸራተታል፤ አለዚያም መኪናው ራሱ ይጎተታል። በክረምት ጥቁሩ የመረሬ አፈር ሲረካ ደግሞ ክሪኩ መኪናውን ማንሣት ትቶ ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ግቢው አፈር የሆነ ሰው ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ያንጥፍ፤ ጣውላው ክሪኩ ተንከባልሎ ከጠርዙ እንዳይወድቅ ከክሪኩ በሁሉም ወገን ሊተርፍ ይገባል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ተንከባላይ ክሪክ ባይገዛ ይሻለዋል። ጠርሙስ መሳዩ ክሪክ በጣውላ ላይ ተቀምጦ ቀጥ ብሎ ስለሚገፋ፣ ለእንዲህ ያለው ግቢ የተሻለ ነው፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሽ ይግባ። በአብዛኞቹ መኪናዎች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። የኋላው ወገን ከተነሣ እንግዲህ የእጅ ፍሬኑ በአየር ላይ ያለ ጎማ ይዞ ይቀራል፤ መሬት የነኩትን የፊት ጎማዎች ግን አይዛቸውም። ስለዚህ በማይነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ መደረግ አለበት። ታኮው ከእንጨት ቢጠረብ መልካም ነው፤ በጣርማ በር ዳገት ላይ ድንጋይ የሚጠቀም ረዳት ግን ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩን ከመንገድ ላይ ያንሣ። በጭጋግ ውስጥ ተከትሎት የሚመጣው ነጂ ያን ድንጋይ አያየውም።

የጎማው ብሎኖች መላላት ያለባቸው መኪናው ሳይነሣ ነው፤ በአየር ላይ ያለን ጎማ በመፍቻ መታገል መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይገፋዋልና። የክሪኩ ራስ የሚያርፈው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በተመለከተው ቦታ፣ ወይም በሻንሲው ጠንካራ ክፍል ላይ ነው። በሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ላይ ያሳረፉ ሰዎች ማጠራቀሚያውን ቀደው ዘይቱን መሬት አጠጥተዋል። መኪናው ሲነሣ በውስጡ ሰው አይኑር። ከፍታው እንደ በቃ ከሻንሲው ሥር ሰፊ እግር ያለው የብረት መደገፊያ ይገባል፤ ከዚያም መልቀቂያው ቀስ ብሎ ላልቶ መኪናው በመደገፊያው ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ የማንሣት ሥራ አበቃ፤ የመሸከም ሥራ ተጀመረ። ሠሪው ከሥር ከመግባቱ በፊት መኪናውን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ይፈትሽ፤ የተፈታውንም ጎማ ከሻንሲው ሥር ያጋድመው።

በመደገፊያ ፈንታ ብሎኬት መደርደር በየሰፈሩ የተለመደ ነው። ብሎኬት የግድግዳን ክብደት በሰፊው ተቀብሎ ይችላል፤ የሻንሲ ጠርዝ በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ይፈረከሳል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደራረብም ከዚህ አይሻልም። የብረት መደገፊያ የሚገዛበት ገንዘብ ከሌለ፣ ደህና ብረት በያጅ በልኩ ሊሠራው ይችላል፤ የእግሩ ስፋትና የብየዳው ጥራት ግን በዐዋቂ ይታይ።

አያያዙ ብዙ ወጪ የለበትም። ክሪክ ሲቀመጥ ክንዱ ፈጽሞ ይውረድ። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገባ ከአቧራና ከርጥበት ይጠበቃል፤ ተነሥቶ የሚከርም ክሪክ ግን የሚያብረቀርቀው የፒስተን ገላው በአየር ላይ ይቀራል። ጭጋግ በማይለየው አንኮበር እንዲህ ያለ ፒስተን ሳይውል ሳያድር ዝገት ይይዘዋል። ዝገቱ እንደ ሞረድ ሆኖ በወጣና በገባ ቁጥር ያችን የጎማ ቀለበት ይፍቃታል። ከሥራ በኋላ ፒስተኑን ዘይት በነካ ጨርቅ መጥረግ፣ የክንዱን መገጣጠሚያና የጎማዎቹን ዘንግ በዓመት ሁለት ጊዜ ግራሶ መቀባት ይበቃል። በውኃ ማጠብ አያስፈልግም።

ዘይቱ ሲጎድል የሚጨመረው ለክሪክ የተዘጋጀ የሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የተሠራበት ንጥረ ነገር የክሪኩን ጎማ ቀለበት ያሳብጠዋል፤ ያለሰልሰዋልም። የሞተር ዘይትም አይመከርም፤ ይወፍራል፣ አረፋም ያወጣል። በደብረ ብርሃን የኅዳር ማለዳ ደህናውም ዘይት ስለሚወፍር ክሪኩ ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ዘይት የሚሞላው ክንዱ ወርዶ ሳለ ነው። ክንዱ ተነሥቶ ሳለ ከሞሉት፣ ሲወርድ የሚመለሰው ዘይት ቦታ አጥቶ ይፈናጠራል።

እጀታው ሲጫኑት የሚረግብ ወይም ክንዱ እንደ ቀድሞው ከፍ አልል ካለ አየር ገብቶበት ይሆናል። አየር እንደ ዘይት አይደለም፤ ሲጫኑት ይታመቃል፤ ጉልበትም በከንቱ ያልቃል። መልቀቂያውን ከፍቶ እጀታውን 10 ወይም 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን፣ ከዚያም መልቀቂያውን መልሶ መዝጋት አብዛኛውን ጊዜ አየሩን ያስወጣዋል። ይህ ተደርጎ፣ ዘይቱም ሞልቶ፣ ክሪኩ ጭነት ይዞ ሳለ በራሱ እየወረደ ከሄደ ግን የደከመችው ቀለበቲቱ ናት፤ አለዚያም ቫልቩ ቆሽሿል። እንዲህ ያለው ክሪክ እስኪጠገን ድረስ ከሥራ መውጣት አለበት። ቀለበቱን ለመግዛት ወደ አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ በመሸጥ ታውቆ ወደ ኖረው የመርካቶው ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ቀለበት በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይሂድ። በዐይን አንድ የሚመስሉ ቀለበቶች በግማሽ ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ የሚገጥመው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው።